ሚያዝያ 27 በፑዌብላ

ሚያዝያ 24፤ ሜክሲኮ ሲቲ

በሎስ አንጀለስ በኖርሁባቸው አሥራ አንድ ዓመታት «ሲንኮ ዴ ማዮ» የሚባለውን በዓል የማውቀው በቢራ ማስታወቂያ ብቻ ነበር። ቀኑ ሲቃረብ በየገበያ አዳራሹ በር ላይ የቢራ ካርቶን ይቆለላል፤ የወረቀት ባንዲራ ይንጠለጠላል፤ ሰፋፊ ባርኔጣ የደፉ ወጣቶች እየጮኹ ያመሻሉ፤ በዓሉ የምን እንደሆነ የጠየቅኋቸው ሰዎችም አብዛኞቹ «የሜክሲኮ የነጻነት ቀን ነው» ብለው መልሰውልኛል። ከእኔ ጋር በአንድ መጋዘን የሚሠራ የፑዌብላ ከተማ ተወላጅ ግን ይህን መልስ በሰማ ቁጥር ሥራውን አቁሞ ያርማል። የነጻነት በዓላቸው ቄስ ሚጌል ኢዳልጎ እ.ኤ.አ. በ1810 በዶሎሬስ ከተማ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል አስደውለው ሕዝቡን በእስፓኝ አገዛዝ ላይ ያስነሡበት ቀን እንደሆነና በእኛ መስከረም 6 እንደሚውል፣ ሲንኮ ዴ ማዮ ግን እ.ኤ.አ. በ1862 በእርሱ ከተማ፣ ከተወለደበት ሰፈር በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የተደረገ የአንድ ቀን ጦርነት መታሰቢያ እንደሆነ ይናገራል። እኔም ይህን ንግግር ለዓመታት ሰምቼ «እሺ» ብዬ ከማለፍ በቀር አላሰብሁበትም ነበር።

ሲንኮ ዴ ማዮ በእስፓኝ ቋንቋ ሜይ አምስት ማለት ነው። አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ብመልሰው ሚያዝያ 27 ላይ አረፈ። አራት ኪሎ ያደገ ሰው ይህን ቀን ሊስተው አይችልም፤ የድል ሐውልቱ የቆመበት አደባባይ ስሙ ራሱ ሚያዝያ 27 ነው። የኢጣሊያ ጦር በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በዚህ ቀን ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአምስት ዓመት በኋላ ድል አድርገው የተመለሱትም በዚሁ ቀን ነው። የሁለቱ አገሮች በዓል በአንድ ቀን መዋሉ አጋጣሚ እንደሆነ አላጣሁትም፤ ይሁን እንጂ አጋጣሚውም ቢሆን ለመንገድ አነሣሣኝ። ባልደረባዬ አሳቤን ሲሰማ እናቱ ዘንድ ስልክ ደውሎ ማረፊያዬን አዘጋጀ፤ «ሆቴል ብታድር እናቴ ትቀየምሃለች» አለኝ።

ዛሬ ከአራት ሰዓት ገደማ በረራ በኋላ ሜክሲኮ ሲቲ ገባሁ። ሻንጣዬን ለአንድ ሌሊት በያዝሁት ክፍል አኑሬ በቀጥታ የሄድሁት ወደ ምድር ውስጥ ባቡሩ ነው። የዚህ ከተማ ሜትሮ እያንዳንዱ ጣቢያ ከስሙ በተጨማሪ የራሱ ሥዕላዊ ምልክት ስላለው ፊደል ያልቆጠረ ተሳፋሪም ሥዕሉን አይቶ መውረጃውን ያውቃል። በሦስተኛው መስመር «ኋሬዝ» ከሚባለው ጣቢያ ተሳፈርሁ፤ ምልክቱ በፈረንሳይ ወረራ ዘመን አገሪቱን የመሩት የቤኒቶ ኋሬዝ የጎን ምስል ነው። ከዚያ አምስተኛው ጣቢያ «ኤቲዮፒያ» ይባላል፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። ባቡሩ ቆሞ ሕዝቡ ሲወርድ እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን አንበሳ እያየሁ በመተላለፊያው መካከል ስለቆምሁ፣ አንዲት የገበያ ዘንቢል የያዘች ሴት በክርኗ ገፍታኝ አለፈች።

ከጣቢያው በላይ ያለው አደባባይ ለዓይን የሚሞላ አይደለም፤ መኪና፣ አውቶቡስና እግረኛ የሚተራመሱበት የመንገድ መጋጠሚያ ነው። ታሪኩ ግን ቀላል አይደለም። ሜክሲኮ በፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ ዘመን የኢጣሊያን ወረራ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ከተቃወሙና ኢትዮጵያ በኢጣሊያ ግዛት መጠቅለሏን ሳይቀበሉ ከቀሩ ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1946 ዓ.ም. ይህን አገር የጎበኙ ሲሆን፣ የአዲስ አበባው ሜክሲኮ አደባባይም የዚህ ወዳጅነት ስም ነው። ወያላው «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ ሰምቼ ያደግሁ ሰው፣ ዛሬ በሜክሲኮ ሆኜ «ኤቲዮፒያ» የሚል ጽሕፈት ሥር ቆሜ ባቡር ጠበቅሁ። ሜክሲኮ ያን ጊዜ ለምን ከእኛ ጋር እንደቆመች መልሱ ነገ የምሄድበት ከተማ ውስጥ ይመስለኛል።

ሚያዝያ 25፤ ወደ ፑዌብላ

ፑዌብላ ከዋናው ከተማ በስተ ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። አውቶቡሱ ከምሥራቁ መናኸሪያ ተነሥቶ ጥድ የለበሰውን ተራራ ሽቅብ ይወጣና ከሁለት ሰዓት ያህል ጉዞ በኋላ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ሰማዩ ጥርት ካለ በስተ ቀኝ ፖፖካቴፔትል የሚባለው 5,426 ሜትር ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ ይታያል፤ ዛሬ ጭሱ እንደ ነጠላ ጫፍ ወደ አንድ ወገን ተዘርግቶ ነበር።

በመንገዱ ላይ ያልጠበቅሁት ነገር አየሁ። በግንባታ ላይ ባሉ ቤቶች ሁሉ አናት፣ ብረቱ ገና በቆመበት ምሰሶ ጫፍ፣ በቀለም ወረቀትና በአበባ ያጌጠ የእንጨት መስቀል ተተክሏል፤ ከሥሩም ሠራተኞች ተሰብስበው ይበላሉ፤ ርችትም ይተኩሳሉ። አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ፣ ዕለቱ የቅዱስ መስቀል በዓል እንደሆነና የግንበኞች ሁሉ በዓል ተደርጎ እንደሚከበር ነገረኝ። ንግሥት ዕሌኒ መስቀሉን ያገኘችበትን መታሰቢያ እኛ በመስከረም 17 በደመራ እናከብራለን፤ እነርሱ በሜይ 3 በሲሚንቶና በአሸዋ መካከል ያከብሩታል። በአማርኛ «መስቀል» ብዬ ስነግረው ቃሉን ደጋግሞ በአፉ አመላለሰው።

የፑዌብላን ጦርነት ያመጣው ዕዳ ነው። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. ከ1858 ጀምሮ ሦስት ዓመት በቆየ የእርስ በርስ ጦርነት ደቅቃ ግምጃ ቤቷ ተራቁቶ ነበር። ከኦአሃካ ተራሮች ተወልደው ሕግ የተማሩት ሳፖቴክ የሚባለው ነባር ሕዝብ ተወላጅ ፕሬዚዳንት ኋሬዝ፣ በ1861 ሐምሌ ወር የውጭ ዕዳ ክፍያ ለሁለት ዓመት እንዲቆም አዘዙ። አበዳሪዎቹ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና እስፓኝ በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ተዋውለው መርከቦቻቸውን ወደ ቬራክሩዝ ወደብ ላኩ። እንግሊዝና እስፓኝ የፈረንሳይ ፍላጎት ገንዘብ ማስመለስ ሳይሆን አገር መያዝ መሆኑን ሲረዱ በ1862 ኤፕሪል ወር ተለይተው ለመውጣት ወሰኑ። የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊ ግን አሜሪካ በራሷ የእርስ በርስ ጦርነት እጅ ከወርች ታስራ ሳለ በሜክሲኮ ዙፋን ላይ የራሱን ሰው ለማስቀመጥ አስቦ ነበርና ጦሩ ወደ መሐል አገር እንዲዘልቅ አደረገ። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ሎረንሴ፣ ሠራዊቱ በዘርም በሥርዓትም ከሜክሲኮዎች እጅግ እንደሚበልጥና በስድስት ሺህ ወታደር የሜክሲኮ ጌታ መሆኑን ገልጦ ለጦር ሚኒስትሩ ጻፈ። ይህን ደብዳቤ ከጻፈ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ፑዌብላ ደረሰ።

እኔም ወደ ማታ ፑዌብላ ደረስሁ። የባልደረባዬ እናት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እዚህ አገር ለእንዲህ ያሉ እናቶች ከስማቸው በፊት «ዶኛ» ይባላል፤ እንደኛ «እትዬ» መሆኑ ነው። ልጃቸውን ካዩት ስምንት ዓመት ሆኗቸዋልና ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እርሱን በእኔ ውስጥ የሚፈልጉት ይመስል ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያም ቀጭን መሆኔን በመንቀፍ ወደ ማዕድ ቤት ወሰዱኝ።

ሚያዝያ 26፤ ከምሽጎቹ እስከ ማዕድ ቤት

ጠዋት የዶኛ የልጅ ልጅ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ወደ ኮረብታው ይዞኝ ወጣ። ከኮረብታው ላይ ሁለት ምሽጎች አሉ፤ ሎሬቶና ጓዳሉፔ ይባላሉ። ሁለቱም ቀድሞ ቤተ ጸሎት የነበሩ ናቸው። በሎሬቶ ትንሿ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በግንቡ መካከል ቆማለች፤ በዙሪያዋ ወፍራም ግድግዳና መድፎች አሉ፤ በውስጡ ያለው ሙዚየም ደግሞ «የጣልቃ ገብነት እምቢታ ሙዚየም» ልንለው የምንችል ስም አለው። ጓዳሉፔ ግን ፈርሳ ቅስቶቿና የመሠረት ድንጋዮቿ ብቻ ቀርተዋል። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ በእግር ስሄድ ቁልቁለቱን ልብ ብዬ ተመለከትሁት። ፎቶግራፍ ላይ እንደሚታየው ተራራ አይደለም፤ ሩጦ የሚወጡት የሚመስል፣ ግማሹ ላይ ሲደርሱ ግን ትንፋሽ የሚያሳጣ ዳገት ነው። ፑዌብላ ከባሕር ጠለል በላይ ከሁለት ሺህ አንድ መቶ ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ከቬራክሩዝ ጠረፍ ለወጣ ወታደር አየሩ ራሱ እንደ ጠላት ነበር ለማለት ይቻላል። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ ብዬ እኩራራ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ባሕር ዳርቻ መኖሬ ግን አጋለጠኝ።

በሜይ 5 ቀን 1862 በዚህ ኮረብታ ላይ የነበሩትን የመሩት ጄኔራል ኢግናሲዮ ሳራጎሳ ገና የ33 ዓመት ሰው ነበሩ። የተወለዱት ዛሬ ቴክሳስ በሆነውና ያኔ የሜክሲኮ በነበረው ምድር ነው። የጦር ሚኒስትርነቱን ሹመት ትተው ሜዳ የወረዱ ሲሆን፣ ባለቤታቸው የሞተችባቸውም በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ነው። ከሥራቸው የነበረው ጦር አምስት ሺህ የማይሞላ፣ ብዙው አሮጌ ጠመንጃ የታጠቀ ነበር። ከጦር መሪዎቹ መካከል ኋላ አገሪቱን ለረጅም ዘመን በብርቱ ክንድ የገዛው ወጣቱ ፖርፊሪዮ ዲያስም ነበረበት። ሎረንሴ ከተማዪቱን ደካማ በሆነው ወገን ማጥቃት ሲችል ምሽጎቹን በፊት ለፊት ለመስበር መረጠ። እኩለ ቀን ገደማ መድፉን አስከፈተ፤ ከሩቅ የተተኮሰው መድፍ ግንቡን ሳያናጋ ከጥይቱ ግማሽ በላይ አለቀ። ከዚያ ቀይ ሰፊ ሱሪ የለበሱት፣ ዞዋቭ የሚባሉት የፈረንሳይ እግረኛ ወታደሮች ዳገቱን ወጡ፤ ተመለሱ፤ እንደገና ወጡ፤ ተመለሱ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲወጡ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናም ወርዶ ዳገቱ ጭቃ ሆነ። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ተጎንብሶ አፈር በእጁ ዘገነና «ይኸው፣ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው» አለኝ። ማታ ፈረንሳዮች ከአራት መቶ በላይ ሙትና ቁስለኛ ቆጥረው አፈገፈጉ፤ ኋላም እስከ ኦሪሳባ ተመለሱ። ሳራጎሳ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ በላኩት ቴሌግራም የአገሪቱ ጦር በክብር መሸፈኑን አበሠሩ። ፕሬዚዳንት ኋሬዝ ከአራት ቀን በኋላ፣ በሜይ 9፣ ቀኑ ብሔራዊ በዓል እንዲሆን አወጁ።

በዳገቱ ላይ ፈረንሳዮችን በገጀራ ጨበጣ ከገጠሙት መካከል ከሰሜኑ ተራራ የወረዱ፣ ናዋ የሚባለው ነባር ሕዝብ ተወላጅ ገበሬዎች ይገኙበታል። መላው ሜክሲኮ «ሳካፖአስትላዎች» ይላቸዋል። ይህን ስም ማታ ዶኛ ፊት ባነሣ ጊዜ ግን ጉድ ፈላ። የዶኛ ወላጆች በዚያው ተራራ ያለችው የቴቴላ ሰዎች ነበሩ፤ እርሳቸው እንደሚሉት በስድስተኛው ሻለቃ ውስጥ የተሰለፉት ብዙዎቹ የቴቴላና የሶቺያፑልኮ ሰዎች ሲሆኑ፣ ሳካፖአስትላ የምትባለው ከተማ ግን ስሙን ብቻ ወስዳለች። የታሪክ ጸሐፊዎችም ይህን ቅሬታ ይደግፉታል። ስለ ዓድዋ «የየትኛው አገር ጦር ቀድሞ ገባ» እየተባለ በየድግሱ የሚነሣውን ክርክር ስለማውቅ በልቤ ሳቅሁ።

ይህን ሁሉ የሚናገሩት ሞሌ እየሠሩ ነው። ሞሌ የፑዌብላ ወጥ ነው፤ በነገው በዓል በየቤቱ ይበላል። ሦስት ዓይነት የደረቀ ትልቅ ቃሪያ ፍሬው ወጥቶ ይጠበሳል፤ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ ዘቢብ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ያረረ የበቆሎ ቂጣና በመጨረሻ ቸኮሌት ይገቡበታል። ዶኛ የኤሌክትሪክ መፍጫ እያላቸው ሰሊጡን በድንጋይ ወፍጮ ላይ ተንበርክከው ይፈጩታል። ወፍጮውና መጁ ከአያቴ ቤት የወጡ ይመስላሉ፤ ልዩነቱ የእነርሱ ወፍጮ ሦስት እግር ያለው መሆኑ ነው። መጁን ተቀብዬ ሁለት ሦስት ጊዜ ብገፋ ትከሻዬን አይተው መልሰው ወሰዱብኝ። ቃሪያው ሲጠበስ ቤቱን የሞላው ጢስ እያሳለን ወደ ግቢ አስወጣን፤ በርበሬ በሚቆላበት ቀን የምንሮጠውን ሩጫ ሮጥሁ።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ሞሌ የሚቁላላው በአሳማ ስብ ነው። ፋሲካ ገና ማለፉ ስለሆነ ጾም የለብኝም፤ አሳማ ግን አልበላም። እንዴት ብዬ እንደምናገር ስጨነቅ ልጃቸው አስቀድሞ በስልክ ሳይነግራቸው አልቀረም፤ ዶኛ ስቡ ያለበትን ማሰሮ ወደ ጎን ገፍተው የዘይት ጠርሙስ አነሡ። ፊታቸው ላይ ግን እኛ ሰው ዶሮ ወጥን ያለ ቅቤ ሥሩልኝ ሲለን የምናሳየው ዓይነት ሐዘን ነበር።

ሚያዝያ 27፤ የበዓሉ ቀን

ከማለዳው ጀምሮ ከተማው በከበሮና በጡሩምባ ድምፅ ተናወጠ። በዚህ ቀን በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ይሁን እንጂ በሕግ የታወጀ የሥራ ዕረፍት ባለመሆኑ በሌላው ከተማ ባንኩም ሱቁም እንደ ወትሮው ይሠራል። ሎስ አንጀለስ ለሳምንት የምትሰክርበትን በዓል አብዛኛው ሜክሲኮ በጸጥታ ያሳልፈዋል ብል ማጋነን አይሆንም። ፑዌብላ ግን የራሷ ነገር ነው። ዳር ዳሩን ሰው የተደረደረበት ዋናው ጎዳና ስሙ «የሜይ 5 ጀግኖች» ነው። የብሔራዊ ውትድርና ምልምሎችም ለሰንደቅ ዓላማ ቃለ መሐላ የሚፈጽሙት በዚህ ቀን ነው።

ሰልፉ ረጅም ነው፤ እውነቱን ለመናገር መሐሉ ላይ ይሰለቻል። የአንዱ ትምህርት ቤት የከበሮ ጓድ አልፎ የሌላው ሲመጣ፣ ነጭ ጓንት ያደረጉት ልጆች አንድ ዓይነት ምት ሲመቱ፣ ወታደሩ በተሽከርካሪ ሲያልፍ ሁለት ሰዓት ነጎደ። ያለሁበት ወገን ፀሐይ የሚመታው ስለነበር ባርኔጣ ሳልይዝ በመውጣቴ ተጸጸትሁ። ከዚያ ግን ገበሬዎቹ መጡ። ነጭ የጥጥ እጀ ጠባብና ሱሪ፣ የዘንባባ ባርኔጣ፣ በእግራቸው ጫማ ጠፍር፣ በወገባቸው ቅል፣ በእጃቸው ገጀራ። ለባህር ማዶ ሰው የአለባበሱ ነገር እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን ጃኖውን ጥሎ ወደ አውድማ የሚወርድ የጎጃም ገበሬ ሆኖ ታየኝ። ከመካከላቸው ስድስት ዓመት የማይሞላው ልጅ የእንጨት ገጀራው እየከበደው በሁለት እጁ ተሸክሞ ይሄዳል፤ እናቱ በገመዱ ማዶ ከሰልፉ እኩል እየተራመደች ውኃ ታቀብለዋለች። ከኋላቸው ሰማያዊ ኮትና ቀይ ሱሪ የለበሱ «ፈረንሳዮች» ሲመጡ ሕዝቡ በፉጨት ተቀበላቸው። ፈረንሳዊ መስለው የተሰለፉት የሰፈር ጎረምሶች ናቸው፤ ፉጨቱን እንደ ጭብጨባ እየተቀበሉ ሳቁ። ዶኛ ዘንድሮ እንግዳ ስላለባቸው ከቤት ወንበር አምጥተው በእግረኛው መንገድ ላይ ተቀምጠው ነበር። የቴቴላ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ሲያልፍ ብድግ አሉ።

በዚያን ጊዜ በዓሉ ለምን የአንድ ቀን ድል ላይ እንደቆመ አሰብሁ። ፑዌብላን ከዓድዋ ጋር አስተያይቼ መጥቼ ነበር፤ ሁለቱም የአውሮፓ ጦር የተመለሰባቸው ናቸው፤ በመካከላቸውም 34 ዓመት ነው። ነገር ግን ዓድዋ ጦርነቱን ጨርሶታል፤ ፑዌብላ አልጨረሰውም። ሳራጎሳ ድሉ በተገኘ በአራተኛው ወር በታይፎይድ ሞቱ። በ1863 ፈረንሳዮች ሠላሳ ሺህ ያህል ሆነው ተመለሱ፤ ፑዌብላን ስድሳ ሁለት ቀን ከበቧት፤ ምግብ አለቀ፤ የጋማ ከብት ተበላ፤ በመጨረሻም የከተማዪቱ አዛዥ መሣሪያውን አሰብሮ እጁን ሰጠ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ የግብፅ ገዢ ለናፖሊዮን ውለታ 447 የሱዳን ወታደሮችን ወደ ቬራክሩዝ ልኮ ነበር፤ የቆላ በሽታ አይደፍራቸውም ተብለው የእኛው ጎረቤቶች እዚህ ድረስ መጥተው አራት ዓመት በሰው አገር ተዋጉ። ሜክሲኮ ሲቲ ተያዘች፤ ከኦስትሪያው የሐብስቡርግ ንጉሣዊ ቤተ ሰብ የመጣው ማክሲሚሊያን ንጉሠ ነገሥት ተባለ። ኋሬዝ ግን አገር ጥለው አልወጡም፤ መንግሥታቸውን በሠረገላ ይዘው እስከ ሰሜኑ ጠረፍ ድረስ ተንከራተቱ፤ በ1867 ማክሲሚሊያን በኬሬታሮ ተረሽኖ እርሳቸው ወደ ዋና ከተማቸው ተመለሱ።

እንግዲህ ለእኛ የሚቀርበው ዓድዋ ሳይሆን ሚያዝያ 27 ራሱ ነው። እኛ ዋና ከተማችን ለአምስት ዓመት ተይዛ ነበር፤ የእነርሱ ለአራት ዓመት። እኛ የምናከብረው የተመለስንበትን የመጨረሻውን ቀን ነው፤ እነርሱ ደግሞ ገና ብዙ መከራ ከፊታቸው ሳለ «እንቢ» ያሉበትን የመጀመሪያውን ቀን። ባዕድ ንጉሥ በጦር ኃይል ሲጫንባቸው ያዩ ሰዎች የልጅ ልጆች በ1928 ዓ.ም. የአዲስ አበባን መያዝ ሲሰሙ ለምን አሜን እንዳላሉ ለመረዳት፣ እዚህ የእግረኛ መንገድ ላይ መቆሙ ከብዙ መጽሐፍ ይሻላል።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ዝናም መጣ። ማንም አልሮጠም፤ የሙዚቃ ጓዱ በዝናም ውስጥ መታ፤ የወረቀት አበባው ቀለም በልጆቹ ነጭ ልብስ ላይ ፈሰሰ። «በየዓመቱ ይመጣል» አሉ ዶኛ፣ ዝናሙን ሲጠብቁት እንደነበረ ዘመድ።

ማታ ሞሌውን ከተርኪ ሥጋ ጋር በላን። ጥቁር ቀይ ነው፤ ሰሊጥ ተነስንሶበታል፤ መጀመሪያ ጣፋጩ ይመጣል፣ ቀጥሎ ቃጠሎው፣ ከቆየ በኋላ ያረረው ቂጣ። እንጀራ ቢኖር ኖሮ ብዬ ተመኘሁ፤ ዶኛ ግን የበቆሎውን ቂጣ አጣጥፌ በእጄ ጠቅልዬ ስበላ አይተው «ይህስ ያገራችን ሰው ነው» አሉ።

በዓሉ እንዴት ድንበር ተሻግሮ ቢራ እንደሆነ ከቤተ ሰቡ ጋር ተወያየን። መጀመሪያው የሚያሳፍር አይደለም። የፑዌብላ ድል ዜና ካሊፎርኒያ ሲደርስ፣ በወርቅ ማዕድን ከተሞች የሚኖሩ ሜክሲኮዎች በዚያው በ1862 ደስታቸውን ገልጠው፣ ለኋሬዝ ገንዘብ የሚያሰባስቡ የአርበኝነት ማኅበራትን በየከተማው እንዳቋቋሙ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ዴቪድ ሄይስ ባውቲስታ ከጊዜው ጋዜጦች አጥንተው አሳይተዋል። በዚያን ጊዜ አሜሪካ በባርነት ጉዳይ እየተዋጋች ነበር፤ ባሪያ አሳዳሪው የደቡብ ወገን ከናፖሊዮን ወዳጅነትን ይፈልግ ነበርና ለእነዚህ ሰዎች የፑዌብላ ድል የባርነት ተቃዋሚዎችም ድል ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ቺካኖ የሚባሉት የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ተማሪዎች ቀኑን የማንነት በዓል አድርገው አነሡት፤ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የቢራ ፋብሪካዎች ወሰዱት። የዶኛ ወንድም፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው፣ ይህን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ ብርጭቋቸውን አንሥተው «ይጠጡ እንጂ፤ ግን ማን እንደሞተ ይወቁ» አሉ።

ሚያዝያ 28፤ መመለስ

ጠዋት አውቶቡሴ ከመነሣቱ በፊት ብቻዬን ወደ ምሽጉ ተመለስሁ። ሠራተኞች የብረት አጥሩን እየነቀሉ በመኪና ይጭናሉ፤ በሣሩ ላይ የተቀደዱ የርችት ቱቦዎች ወድቀዋል። የሳራጎሳ አጽም ከሜክሲኮ ሲቲ መካነ መቃብር ወጥቶ አሁን ያረፈው እዚሁ ኮረብታ ላይ ነው። ትናንት የተቀመጠው የአበባ ጉንጉን በዝናም ተዘቅዝቆ ነበር፤ አንድ ጥበቃ በእግሩ ቀና አድርጎት አለፈ።

አንድ ነገር ለመዝገቡ ያህል ልጨምር። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት የእኛና የፈረንጆቹ አቆጣጠር ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንስ ነበር፤ ዓድዋ በፈረንጅ መጽሐፍ ማርች 1 ተብሎ ተጽፎ እኛ ዛሬ የካቲት 23ን በማርች 2 የምናከብረው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ዞዋቮች ይህን ዳገት የወጡበት ቀን በኢትዮጵያ ሚያዝያ 28 ቀን 1854 ዓ.ም. ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ለንግሥት ቪክቶሪያ የታወቀውን ደብዳቤ ለመጻፍም ስድስት ወር ያህል ቀርቷቸዋል። ትክክለኛው መታሰቢያ ታዲያ ዛሬ ነው ማለት ነው፤ ከእኔና ከአጥር ነቃዮቹ በቀር ማንም አልመጣም።

ዶኛ ለልጃቸው አንድ ኪሎ የሚሆን የሞሌ ሊጥ በላስቲክ፣ ከዚያ በጨርቅ፣ ከዚያ እንደገና በላስቲክ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ልክ ከአዲስ አበባ የሚላክ በርበሬ ይመስል ሸሚዞቼን ሁሉ ሽታው ያዛቸው። በጉምሩክ የከፈተችው ሴት አሽትታ ፈገግ አለችና መልሳ ዘጋችው።

በማግስቱ ሥራ ስገባ ጥቅሉን ለባልደረባዬ ሰጠሁት። ሦስቱን ሽፋን ቀስ ብሎ ፈታ፤ በጣቱ ጥቂት ቆንጥሮ ቀመሰ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ምነው በዘይት ሠራችው?» አለኝ።